አንገቷ «ሰርቫይን» ነው ሲባል ስለ አንገት ነው ወይስ ስለ ዋላ?

ጥያቄው ይህ ነው። አንዲት ተርጓሚ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ እየመለሱ ሳለ ስለ አንዲት ተወዛዋዥ በሚተርክ ገጽ ላይ «ረጅም፣ ሰርቫይን አንገቷን ቀና አድርጋ ቆመች» የሚል ዐረፍተ ነገር ገጠማቸው። መዝገበ ቃላቱ «የአጋዘን፤ አጋዘን መሰል» ይላል። ሐኪም የሆኑ ወዳጃቸው ደግሞ «ቃሉ የእኛ የሕክምና ቃል ነው፤ ሰርቪክስ በላቲን አንገት ማለት ስለሆነ ከአንገት ጋር አያይዘሽ ተርጉሚው» አሏቸው። ማን ነው ትክክል? የቃሉ ምንጭስ ምንድን ነው? በአማርኛ ምን ልበለው? ብለው ጠይቀዋል።

መዝገበ ቃላትዎ ትክክል ነው። «ሰርቫይን» ማለት የአጋዘን የሆነ፣ ከአጋዘን የተገኘ፣ ወይም በመልክ፣ በአካሄድ፣ በጠባይ አጋዘንን የሚመስል ማለት ነው። የወዳጅዎ ግምት ትክክል ባይሆንም ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ሁለቱ ቃላት በላቲን ጽሕፈት የመጀመሪያዎቹን አምስት ፊደላት ይጋራሉ፤ ዐረፍተ ነገሩ ላይ ደግሞ «አንገት» የሚለው ቃል ከጎኑ ቆሟል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጥሩ ተርጓሚም ይሳሳታል። ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር።

የላቲኑ ስም «ኬርዉስ» ነው። ወንድ አጋዘን ማለት ነው፤ ሴቷ «ኬርዋ» ትባላለች። አጠራሩ ግር ካለዎት፣ በጥንቷ ሮም በዚህ ቃል መነሻ ላይ ዛሬ «ሰ» በምንለው ቦታ «ከ»፣ «ቨ» በምንለው ቦታ ላይ ደግሞ «ወ» ነበር የሚነገረው። በኋለኛው የቤተ ክርስቲያን ላቲን ቃሉ «ቼርቩስ» ሆነ። እንግሊዝኛ በፈረንሳይኛ ልማድ በ«ሰ» ይጠራዋል። ልጆቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ጣሊያንኛ «ቼርቮ»፣ ስፓኒሽ «ሲየርቮ»፣ ሮማንያኛ «ቼርብ»፣ ፈረንሳይኛ «ሴር» ይሉታል።

ከስሙ ቅጽል ሲወጣ «ኬርዊኑስ» ይሆናል። «ኢኑስ» የሚለው ቅጥያ ሮማውያን ለእንስሳት የሚወዱት ነው። «ካኒስ» ውሻ ነው፣ «ካኒኑስ» የውሻ፤ «ሉፑስ» ተኩላ፣ «ሉፒኑስ» የተኩላ፤ «ኤኩውስ» ፈረስ፣ «ኤክዊኑስ» የፈረስ። የእንግሊዝኛዎቹ «ካናይን»፣ «ፊላይን»፣ «ኢክዋይን»፣ «ቦቫይን» ሁሉ በዚሁ መንገድ የመጡ ናቸው። የውሻ ክራንቻ የምንለውን የሰው ጥርስ የጥርስ ሐኪሞች «ካናይን» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። «ሰርቫይን» የዚህ ቤተሰብ አባል ነው፤ ከወንድሞቹ የሚለየው ብዙ ስለማይነገር ብቻ ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ። ቃሉ በላቲን ጽሑፍ ውስጥ ሥራ ላይ ሆኖ ሲታይ ሁለት ትርጉሞቹ ጥርት ብለው ይለያያሉ። ለዚህ ሁለት ስንኞች ይበቁኛል።

አንደኛው የሆራስ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ65 እስከ 8 የኖረው ገጣሚ። ለአንድ ወጣት በጻፈው የግጥም ደብዳቤ፣ ሰው መልካም ነገርን በልጅነቱ እንዲለምድ ሲመክር ምሳሌ የሚያደርገው የአደን ቡችላን ነው። ቡችላው ጫካ ከመግባቱ በፊት በግቢ ውስጥ «ኬርዊና ፔሊስ» ማለትም የአጋዘን ቆዳ ላይ ይጮኻል። ሆራስ የሚለው፣ ያ ቡችላ በዱር ወታደርነቱን የጀመረው ቆዳው ላይ ከጮኸባት ቀን አንሥቶ ነው። እዚህ ቅጽሉ ተራ ሥራውን ነው የሚሠራው። ቆዳው የማን ነው? የአጋዘን። መምሰል የለም፣ ማሞገስ የለም። ሥጋው፣ ቆዳው፣ ቀንዱ ሲነሣ ላቲን ቅጽሉን የሚጠቀምበት በዚህ መልኩ ነው።

ሁለተኛው የዩቬናል ነው፤ በአንደኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በሁለተኛው መጀመሪያ ላይ የጻፈው የነቀፌታ ገጣሚ። ልጆቹን ስስት የሚያስተምር አባት በመጨረሻ የሚያገኘውን ፍሬ ያሳያል፤ ልጁ ውርሱን ጓጉቶ እየጠበቀ ነው፣ አባትየው ግን አይሞትም። ወጣቱን የሚያሠቃየው «ሎንጋ ኤት ኬርዊና ሴኔክቱስ» ነው፤ ረጅምና የአጋዘን የሚመስል እርጅና። እዚህ ቆዳ የለም፣ ቀንድ የለም። አጋዘን የሌለበት ነገር በአጋዘን ተመሰለ። ቃሉ ከንብረትነት ወደ ምሳሌነት ሲሻገር በዓይናችን እናያለን።

ግን እርጅና ለምን በአጋዘን ይመሰላል? ጥንታውያን አጋዘን እጅግ ብዙ ዘመን እንደሚኖር ያምኑ ስለነበር ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ታላቁ ፕሊኒ፣ ታላቁ እስክንድር የወርቅ ሐብል አንገታቸው ላይ ያሰረላቸው አጋዘኖች ከ100 ዓመት በኋላ ተያዙ፣ ሐብሉም በቆዳና በስብ ተሸፍኖ ተገኘ የሚለውን ወሬ መዝግቦታል። አርስቶትል ግን ከእሱ አስቀድሞ ነገሩን ተጠራጥሮት ነበር፤ የእርግዝናው ጊዜና የግልገሉ ዕድገት ረጅም ዕድሜ ያለው እንስሳ አያስመስለውም ብሏል። አርስቶትል ልክ ነበር። ቀዩ የአውሮፓ አጋዘን በዱር ከ20 ዓመት ማለፉ ብርቅ ነው። ይህን ያመጣሁት ለጨዋታ አይደለም። እንስሳን ቅጽል አድርገን ስንጠቀም የምንዋሰው እንስሳው ያለውን ሳይሆን ሰዎች አለው ብለው ያመኑትን ነው። ለሮማዊው አንባቢ «ኬርዊኑስ» ረጅም ዕድሜን ሊያስታውስ ይችል ነበር፤ የዛሬ የእንግሊዝኛ አንባቢ ግን ቀጭን እግር፣ ትልቅ ዓይን፣ ድንጉጥነትና ቅልጥፍና ነው የሚታየው። የእርስዎ ተወዛዋዥም በሁለተኛው ዓለም ውስጥ ያለች ናት።

ከላቲን ወዲያ ሥሩን ስንቆፍር «ቀንድ» ላይ እንደርሳለን። የሕንድና አውሮፓ ቋንቋዎች ጥንታዊ እናት ውስጥ «ከር» የሚመስል ሥር ነበረ፤ ትርጉሙም ራስ፣ የራስ ጫፍ፣ ቀንድ። ከእሱ ላቲን «ኮርኑ» ያለውን ቀንድ፣ ግሪክ ደግሞ «ኬራስ» ያለውን ቀንድ አወጡ። አፍንጫው ላይ ቀንድ ያለው አውራሪስ በግሪክ «ሪኖኬሮስ» የተባለው፣ ጥፍርና ፀጉራችን የተሠራበት ንጥረ ነገር «ኬራቲን» የተባለው ከዚሁ ነው። «ኬርዉስ» ደግሞ የዚያ ሥር ቅጽል ነው፤ ቃል በቃል ሲመለስ «ባለ ቀንድ» ማለት ነው። አማርኛ ለዚህ የታደለ ነው፤ «ቀንዳም» ብንል በአንዲት ቃል እንጨርሰዋለን። ዌልስኛ «ካሩ» ብሎ አጋዘንን ሲጠራ ሊትዌንያኛ በዚያው ሥር «ካርቬ» ብሎ ላምን፣ ሩስኛ «ኮሮቫ» ብሎ ያችኑ ላም ጠራ። ቀንዳሞቹ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሕዝብ ስሙን በዓይኑ ፊት ለቆመው ቀንዳም ሰጠ።

የጀርመን ቋንቋዎችስ? ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ያዕቆብ ግሪም በ1822 ሥርዓት ባስያዘው ሕግ መሠረት በላቲን «ከ» የሆነው በእነሱ ዘንድ «ሀ» ይሆናል። «ኮርኑ» ያለው ላቲን በእንግሊዝኛ «ሆርን» ነው፤ መቶን «ኬንቱም» ያለው «ሀንድረድ»፤ ልብን «ኮር» ያለው «ሀርት»፤ ውሻን «ካኒስ» ያለው «ሃውንድ»። ስለዚህ የ«ኬርዉስ» ዘመድ በ«ሀ» መጀመር አለበት ማለት ነው፤ ይጀምራልም። የጥንት እንግሊዝኛው «ሄኦሮት»፣ የዛሬው ጀርመንኛ «ሂርሽ»፣ የደች «ሄርት»፣ የስዊድን «ዮርት» (ሲጻፍ «ሀ»ዋ አለች) ሁሉም አጋዘን ናቸው። ተማሪ ሆኜ ይህን ሰንጠረዥ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጣቴን ከመስመር ወደ መስመር እያንቀሳቀስኩ ሦስት ጊዜ እንዳነበብኩት አስታውሳለሁ።

ግዕዝ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ መንቃቱ አይቀርም። ቀንድ በግዕዝ «ቀርን»፣ በዕብራይስጥ «ቄሬን»፣ በዓረብኛ «ቀርን» ነው፤ ላቲን ደግሞ «ኮርኑ»። መመሳሰሉ ከቋንቋ ሊቃውንት ዓይን አላመለጠም። አንዱ ወገን ከሌላው ተውሶታል የሚሉ አሉ፤ አጋጣሚ ነው የሚሉም አሉ፤ ጉዳዩ አልተዘጋም። እኔ በበኩሌ መዋስ እንደሚሆን ይታየኛል፤ ቀንድ የሚሸጥ፣ የሚለወጥ፣ ዕቃ የሚሠራበት ነገር ነውና ስሙም አብሮት ይጓዛል። ግን ይህ የኔ ዝንባሌ ነው፤ የተረጋገጠ አድርገው አይጥቀሱት።

ወደ ወዳጅዎ ክርክር እንመለስ። ላቲን አንገትን፣ በተለይ ማጅራትን፣ «ኬርዊክስ» ይላል። ከእሱ የወጣው ቅጽል «ሰርቪካል» ነው። ሐኪሞች የአንገት አከርካሪን የሚጠሩበትም፣ የማሕፀን በር ካንሰር በእንግሊዝኛ የሚጠራበትም ይኸው ቃል ነው፤ የማሕፀን በር በላቲን «የማሕፀን አንገት» ነውና። መለያው ቀላል ነው፤ «ካ» የሚል ድምፅ ይፈልጉ። የአንገቱ ቃል ሥሩ በ«ከ» ስለሚያልቅ ቅጽሉ ውስጥ «ካ» ትቀራለች፤ ሰርቪ*ካ*ል። የአጋዘኑ ቃል ውስጥ «ካ» የለችም፣ ኖራም አታውቅም። አንዳንድ ሊቃውንት «ኬርዊክስ» ራሱ ከ«ራስ፣ ቀንድ» ሥርና «ማሰር» ከሚል ግሥ ተጣምሮ «ራስን የሚያስር» እንደሆነ ይገምታሉ። ግምቱ ትክክል ከሆነ ሁለቱ ቃላት የሩቅ የአክስት ልጆች ናቸው። ቢሆንም የዝምድናው ርቀት በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ነው፤ ሮማዊ ገበሬ እንኳ «ኬርዊኑስ» ሲባል አንገት አይታሰበውም ነበር።

መምሰል የሚያሳስትባቸው ሌሎችም አሉ። በአልፕስ ላይ 4,478 ሜትር ከፍታ ያለውን የማተርሆርን ተራራ ጣሊያኖች «ቼርቪኖ» ይሉታል፤ የአጋዘን ተራራ ይመስላል፣ ብዙዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ ግን ስሙ ደን ከሚለው የላቲን «ሲልዋ» ተነሥቶ በጊዜ ብዛት ተለወጠ የሚል ነው። በተቃራኒው የማይመስል ሆኖ ዘመድ የሆነ አለ፤ «ሰርቫል» የሚባለው ረጅም እግር ያለው የዱር ድመት። ሮማውያን ሊንክስ የሚባለውን ሌላ የዱር ድመት «አጋዘን አዳኝ ተኩላ» በሚል ስም ይጠሩት ነበር፤ ስሙ በፖርቱጋልኛ አልፎ ወደ ድመቱ ተዛወረ። አጋዘን ሳይሆን አዳኙ በአጋዘን ስም ተጠራ።

እንግሊዝኛ አጋዘንን «ዲር» እያለ ቅጽሉን ለምን ከላቲን አመጣ? «ዲር» በጥንት እንግሊዝኛ አጋዘን ማለት አልነበረም፤ ማንኛውም አውሬ ማለት ነበር። የጀርመንኛው «ቲር» ዛሬም እንስሳ ማለት ነው። ሰዎቹ ከአውሬ ሁሉ አብልጠው የሚያድኑት አጋዘንን ስለነበር አጠቃላዩ ስም እየጠበበ መጥቶ ለአንዱ ቀረ። የአጋዘን ሥጋ «ቬኒሰን» መባሉም የዚያው ታሪክ ነው፤ ላቲኑ «ዌናቲዮ» አደን ማለት ነው። ብዙ ሰው እነዚህን የላቲን ቃላት በሙሉ በ1066 እንግሊዝን ለያዙት ኖርማኖች ይሰጣቸዋል። ለ«ቬኒሰን» እውነት ነው፤ ለ«ሰርቫይን» ግን አይደለም። እንዲህ ያሉ ቅጽሎች የገቡት ከዚያ ብዙ ዘግይተው፣ በላቲን በሚጽፉና በሚያስቡ ምሁራን ብዕር ነው። ከማዕድ ቤትና ከአደን ሜዳ ሳይሆን ከጽሕፈት ጠረጴዛ ነው የመጣው፤ ለዚህም ነው ዛሬም ሲነገር ትንሽ የመጽሐፍ ሽታ ያለው።

ያ ጠረጴዛ በ1758 የእንስሳትን ሳይንሳዊ አሰያየም ሥርዓት ያስያዘው የካርል ሊኔየስ ነበር። ሊኔየስ «ኬርዉስ» የሚለውን ስም ለአንድ ሙሉ ወገን ሰጠው፤ ቀዩን አጋዘን «ኬርዉስ ኤላፉስ» አለው። «ኤላፎስ» ደግሞ በግሪክ አጋዘን ማለት ስለሆነ ስሙ ሲተረጎም «አጋዘን አጋዘን» ይሆናል። በዚያው ዓመት ቀጭኔን ጭምር «ኬርዉስ» ውስጥ ከትቷት ነበር! በኋላ ወጣች። ዛሬ የሥነ እንስሳት ሰዎች መላውን ቤተሰብ «ሰርቪዴ» ይሉታል፤ የቤተሰቡን አባል «ሰርቪድ» ይሉታል። «ሰርቫይን» በእነሱ ዘንድ አንዳንዴ የሚጠብብ ቃል ነው፤ ቀዩ አጋዘንና የቅርብ ዘመዶቹ ያሉበትን ንዑስ ቤተሰብ ብቻ ሊያመለክት ይችላል፤ «ሙስ» እና «ሬይንዲር» የሚባሉት የቀዝቃዛው ሰሜን አጋዘኖች ከዚያ ውጭ ናቸው። የሳይንስ ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው ይህን ልዩነት መጠበቅ አለበት። ለልብ ወለድዎ አያስፈልግም። ቃሉ ቀለምን፣ ጠቆር ያለ ቡናማን የሚገልጽበት ጊዜም አለ፤ ከጨርቅ ወይም ከፀጉር ጎን ሲቆም ይህን ያስቡ።

አሁን አስቸጋሪው፤ በአማርኛ ምን እንበለው? መዝገበ ቃላት ሁሉ «አጋዘን» ይላል፤ እኔም እስካሁን እንዲሁ ስል ቆይቻለሁ። ነገር ግን በአማርኛ አጋዘን፣ ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ ዋልያ፣ ቆርኬ የምንላቸው ሁሉ ከላሞችና ከፍየሎች ቤተሰብ ናቸው፤ ከ«ሰርቪዴ» አንድም የለባቸውም። ልዩነቱ ራሳቸው ላይ ነው። የአጋዘናችን ቀንድ በውስጡ አጥንት፣ በላዩ ከጥፍር ዓይነት ነገር የተሠራ ሽፋን ያለው ነው፤ ከበቀለ በኋላ ዕድሜ ልክ ይኖራል። የ«ኬርዉስ» ቀንድ ግን ሙሉ በሙሉ አጥንት ነው፤ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ በየዓመቱ ይወድቅና እንደገና ይበቅላል። ሲያድግ ለስላሳ ፀጉር ባለው፣ ደም በሚመላለስበት ቆዳ ተሸፍኖ ነው፤ በትልልቆቹ ዝርያዎች በቀን ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ዕድገቱ ሲያበቃ ቆዳው ይደርቃል፣ እንስሳውም ከዛፍ ጋር እያሻሸ ይገፈዋል። ከሬይንዲር በቀር ሴቶቹ ቀንድ የላቸውም። እናም ስሙ «ቀንዳም» የሆነው እንስሳ የቀንዶች ሁሉ እንግዳ የሆነውን ቀንድ ነው የተሸከመው።

ታዲያ «አጋዘን» ስሕተት ነው ማለት ነው? በሳይንስ ጽሑፍ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ እዚያ «የሰርቪዴ ቤተሰብ» ብሎ አንድ ጊዜ መግለጽ ይሻላል። በሥነ ጽሑፍ ግን መንገዱን ከእኛ በፊት የሄዱበት አሉ። በመዝሙረ ዳዊት ወደ ውኃ ምንጭ የሚናፍቀውን እንስሳ ግሪኩ «ኤላፎስ»፣ ላቲኑ «ኬርዉስ» ይለዋል፤ ግዕዙ «ሀየል» አለው፤ አማርኛው «ዋላ»። ያ ተርጓሚ ዝርያ ሲቆጥር አልዋለም፤ ጥሙንና ናፍቆቱን የሚሸከም ስም ፈለገ፣ አገኘም። «ዋላ» ዛሬ ለአማርኛ አንባቢ የሚያሳየው ልክ «ሰርቫይን» ለእንግሊዝኛው አንባቢ የሚያሳየውን ነው፤ ቀጭን፣ ንቁ፣ ለመሮጥ የተዘጋጀ ነገር።

«አጋዘናዊ» ብለው ቅጽል እንዲፈጥሩ አልመክርም። «አዊ» ለአገር፣ ለእምነትና ለሐሳብ ይመቻል፤ አንገት ላይ ሲያርፍ ግን ይከብዳል። «አጋዘን መሰል» ደግሞ ቅርፅ ይናገራል እንጂ እንቅስቃሴ አይናገርም። አማርኛ ሰውን በእንስሳ ሲመስል ቅጽል አይፈልግም፤ «እንደ» ይላል፣ ወይም «የ»ን ያስቀድማል። ደራሲዋ በአንድ ቃል ያለችውን በሁለት ቃል ቢሉት የሚጎድል ነገር የለም።

ዐረፍተ ነገርዎ ውስጥ ያለችውን ሴት ደግሞ ልብ ብለው ይዩዋት። አንገቷን ቀና አድርጋ ቆመች ነው የሚለው። ዋላ እየጋጠ ሳለ ድምፅ ሲሰማ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ራሱን ብድግ ያደርጋል፣ ይደርቃል፣ ያዳምጣል። ደራሲዋ የመረጠችው የአንገቱን ርዝመት ብቻ ሳይሆን ያችን ቅጽበት ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እለው ነበር፤ «ረጅም አንገቷን፣ ኮቴ እንደሰማ ዋላ፣ ቀና አድርጋ ቆመች።»